የረጋ ጋርድ፦ ከፓርክ ሂል፣ ከፓርከርና ከኦሮራ

በቅርጫት ኳስ ጋርድ የሚባለው ኳሱን ከኋላ ተቀብሎ እያነጠረ ወደ ተቃራኒው ሜዳ የሚያሻግርና ማጥቃቱ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስን ተጫዋች ነው። ብዙ ጊዜ ከአምስቱ አጭሩ እሱ ነው። የአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ኳስ የያዘ ቡድን በ10 ሰከንድ ውስጥ የሜዳውን አጋማሽ ማለፍ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። ይህን ሰዓት በጭንቅላቱ እየቆጠረ የሚጫወተው ጋርዱ ነው። ሌሎቹ አራቱ ሰዓቱን ቢረሱ እሱ ያስታውሳቸዋል፤ እሱ ከረሳ ግን የሚያስታውስ የለም።

የረጋ ጋርድ የሚባለው ዛሬ 30 ነጥብ አስቆጥሮ ነገ የሚጠፋው ሳይሆን ኅዳር ላይ የተጫወተውን መጋቢት ላይም የሚደግመው ነው። አሰልጣኞች ለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ አላቸው። ጓደኛው ወዲያው እንዲያስቆጥር ያደረገበት ቅብብል ‹‹አሲስት›› ይባላል። ኳሱን ለተቃራኒ ያስረከበበት ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። የመጀመሪያው ቁጥር ለሁለተኛው ሲካፈል ሁለት ከወጣ ጋርዱ ደህና ነው፤ ሦስት ከወጣ አሰልጣኙ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል ማለት ነው። የቴሌቪዥን ቅንጭብ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አይሠራም። ቅንጭቡ አየር ላይ ተንሳፍፎ ኳስ ለሚሰካው ነው።

የሥራው ክብደት የሚታየው ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ነው። አንድ ረጅም የቡድን ጓደኛው መጥቶ ከጋርዱ ጠባቂ ጎን እንደ ግንብ ይቆማል። ጋርዱ ትከሻውን ከጓደኛው ትከሻ ጋር አስታኮ ያልፋል፤ በመካከላቸው ክፍተት ከተወ ጠባቂው ይሾልካልና። በዚያች ቅጽበት ሁለት ተከላካዮች ማን ማንን እንደሚይዝ ለመወሰን ያመነታሉ። ሁለቱም ወደ ጋርዱ ከመጡ ግንብ ሆኖ የቆመው ጓደኛው ዞሮ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፤ ኳሱ ወደ እሱ መሄድ አለበት። ሁለቱም ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ጋርዱ ራሱ ይወረውራል። ሦስተኛ ተከላካይ ከጥግ ለእርዳታ ከመጣ ደግሞ ጥጉ ላይ ባዶውን የቆመ ሰው አለ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ የረጋ ጋርድም በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል።

የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨርና ምሥራቃዊ ጎረቤቷ ኦሮራ እንዲህ ዓይነት ተጫዋቾችን አፍርተዋል። ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ‹‹የአንድ ማይል ከተማ›› ትባላለች፤ ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ቡድኖችም ትንፋሽ አጠረን ይላሉ። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ዴንቨር መድረስ ቁልቁል መውረድ ነው። አካባቢው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአክሱም እህት ከተማ ናት። በኦሮራ ሃቫና ጎዳና ላይ እንጀራና ቡና ፈልጎ ያጣ የለም። እዚያው የተወለዱት ልጆች ከእግር ኳሱ ይልቅ ብርቱካናማውን ኳስ ይዘው መታየታቸውም የተለመደ ነው።

ከዚህ አካባቢ ወጥቶ ስሙ በዓለም የታወቀው የመጀመሪያው ጋርድ ቾንሲ ቢላፕስ ነው። በ1976 ዴንቨር ተወለደ፤ ያደገው በሰሜን ምሥራቅ ዴንቨር ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር መላ ግዛቱ ያውቀው ስለነበር የሀገሪቱ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተሻሙበት። እሱ ግን ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ቦልደር ወደሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ምርጫ ነበር፤ ኮሎራዶ በአሜሪካን ፉትቦል እንጂ በቅርጫት ኳስ የሚታወቅ ትምህርት ቤት አልነበረም።

ቢላፕስ በኮሌጅ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1996/97፣ በአማካይ 19 ነጥብ እያስቆጠረ ቡድኑን ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች ማኅበር መጋቢት ላይ ወደሚያካሂደው ሀገር አቀፍ ውድድር አስገባ። በመጀመሪያው ዙር ኮሎራዶ በቦብ ናይት የሚሠለጥነውን ኢንዲያናን 80 ለ 62 አሸነፈ፤ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ውድድር ካሸነፈ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። በሁለተኛው ዙር የገጠመው ኖርዝ ካሮላይናን ነው። ጨዋታው በታሪክ የተመዘገበው ለተሸናፊው ሳይሆን ለአሸናፊው አሰልጣኝ ነው። የኖርዝ ካሮላይናው ዲን ስሚዝ በዚያ ቀን 877ኛ ድሉን አግኝቶ የአዶልፍ ራፕን ክብረ ወሰን አለፈ።

በዚያው ዓመት፣ በ1997፣ ኤንቢኤ በሚባለው የባለሙያዎች ሊግ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሦስተኛ ሆኖ ቦስተን ወሰደው። የእርጋታው ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቦስተን 51 ጨዋታ ብቻ አጫውቶ ለቶሮንቶ ሰጠው። ከዚያ ዴንቨር፣ ቀጥሎ በጉዳት ምክንያት አንድም ጨዋታ ያልተሰለፈበት ኦርላንዶ፣ ከዚያ ሚኒሶታ። በ2002 ዲትሮይት ሲደርስ ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ቡድኑ ግን ስድስተኛው ነው። እዚያ ግን ተረጋጋ። በ2004 ዲትሮይት እነ ሻኪል ኦኒልና ኮቢ ብራያንት ያሉበትን ሎስ አንጀለስ ሌከርስ 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በኅዳር 2008 ዲትሮይት በአለን አይቨርሰን ለውጦት ወደ ዴንቨር ተመለሰ፤ በቀጣዩ ግንቦትም የትውልድ ከተማው ቡድን እስከ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ። አይቨርሰን ከእሱ ይልቅ ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥርና ስሙ የገነነ ነበር፤ ከልውውጡ ያተረፈው ግን ዴንቨር ነው። በ2024 ቢላፕስ የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ከ2021 ጀምሮ የፖርትላንድ አሰልጣኝ የነበረ ሲሆን በጥቅምት 2025 ከተጭበረበረ የፖከር ቁማር ጋር በተያያዘ በፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ተከሷል፤ ክሱን ክዶ ተከራክሯል።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው፤ የኮሌጅ ጋርድ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ለሚፈልግም ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። ከኦሮራ በስተደቡብ ፓርከር የምትባል ከተማ አለች። ዴሪክ ዋይት በ1994 የተወለደው እዚያ ነው። ሌጀንድ በሚባለው የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ገደማ ነበር፤ ሰውነቱም ቀጭን። በኤንሲኤኤ የላይኛው ደረጃ፣ ዲቪዥን 1 በሚባለው፣ ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከነዚያ ሁሉ አንዱም አልጠራውም።

የፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጄፍ ከልቨር በዴንቨር የጆንሰን ኤንድ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር። ጆንሰን ኤንድ ዌልስ ይበልጥ የሚታወቀው በምግብ ዝግጅት ትምህርቱ ነው፤ የወደፊቱ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሜዳሊያ ከሼፎች ጋር ሊማር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከልቨር ግን ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወዳለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ፣ በምሕጻሩ ዩሲሲኤስ፣ ሲቀጠር ያንኑ ልጅ ይዞት ሄደ።

ዩሲሲኤስ በዲቪዥን 2 የሚወዳደር ነው። ልዩነቱን መረዳት ያስፈልጋል። ዲቪዥን 1 ለብዙ ዘመን ለአንድ የወንዶች ቡድን 13 ሙሉ ስኮላርሺፕ ይፈቅድ ነበር። ዲቪዥን 2 የሚፈቅደው 10 ነው፤ እሱንም አሰልጣኙ እንደ ዳቦ ቆራርሶ ለብዙ ተጫዋቾች ማከፋፈል ይችላል። ዲቪዥን 3 ለስፖርት ብሎ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የለም። በሁለተኛው ደረጃ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ጨዋታ ጥቂት ነው። ደረጃው ዝቅተኛ ነው ማለት ግን ጨዋታው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከዩሲሲኤስ ጋር በአንድ ሊግ የሚወዳደረው የዴንቨሩ ሜትሮፖሊታን ስቴት በ2000 እና በ2002 የዲቪዥን 2 የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል።

ዋይት እዚያ ሦስት ዓመት ተጫወተ፤ በመካከሉም ቁመቱ ጨመረ፤ 1 ሜትር ከ93 ገደማ ደረሰ። ዘግይቶ ማደግ ለጋርድ አንድ ጥቅም አለው። አጭር ሳለ ኳስ መያዝና ሰው ማየት ይለምዳል፤ ሲረዝም ልምዱ አብሮት ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት፣ በ2014/15፣ በአማካይ 25.8 ነጥብ፣ 7.3 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ መያዝ ማለት ነው) እና 5.2 አሲስት አስመዘገበ። በሦስቱ ዓመታት የሰበሰበው 1,912 ነጥብ የትምህርት ቤቱ ክብረ ወሰን ሆነ። አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር፤ እሱ ግን ወደ ቦልደር ለመዛወር ወሰነ።

በጊዜው በነበረው ደንብ የተዛወረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሰለፍ መቀመጥ ነበረበት። ልምምድ ይሠራል፤ ከቡድኑ ጋር ይማራል፤ ጨዋታ ሲደርስ ግን የክት ልብሱን ለብሶ ከዳር ይቀመጣል። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል እንደሚባለው የ2015/16 ውድድር ዘመን ለዋይት ባክኖ አልቀረም። በላይኛው ደረጃ ያሉትን ተከላካዮች በየቀኑ በልምምድ እየገጠመ የጎደለውን የሞላው በዚያ ዓመት ነው። በ2016/17 አሰልጣኙ ታድ ቦይል ሜዳ ሲያስገባው በአማካይ 18.1 ነጥብና 4.4 አሲስት አስመዝግቦ ከምዕራብ ጠረፍ ሊግ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ በምርጥ ተከላካዮችም ዝርዝር ገባ። በኮሌጅ ዘመኑ ሁሉ በላይኛው ደረጃ የተጫወተው ያንን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ቡድኑ ራሱ 19 አሸንፎ 15 የተሸነፈ ተራ ቡድን ነበር፤ መጋቢት ላይም ወደ ትልቁ ውድድር አልገባም።

በሰኔ 2017 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በ29ኛ ደረጃ መረጠው፤ የመጀመሪያው ዙር የሚያበቃው በ30 ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን በአብዛኛው ያሳለፈው ኦስቲን በሚገኘው የስፐርስ ተተኪ ቡድን ሲሆን ያ ቡድን በ2018 የተተኪዎቹን ሊግ ዋንጫ በላ። በሚያዝያ 2019 በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ላይ ስፐርስ ያጋጠመው ዴንቨር ነገትስን ነበር። ፓርከር ያደገው ልጅ በሦስተኛው ጨዋታ በልጅነቱ ከተማ ቡድን ላይ 36 ነጥብ አስቆጠረ። ዴንቨር ተከታታዩን 4 ለ 3 ማሸነፉ አልቀረም፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ግን የኮሎራዶ ጋዜጦች ስሙን ደጋግመው መጻፍ ጀመሩ።

በየካቲት 2022 ወደ ቦስተን ሴልቲክስ ተሸጋገረ። የጋርድነቱን ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የግንቦት 27 ቀን 2023 ምሽት ነው። በጥሎ ማለፉ ቦስተን በማያሚ 3 ጨዋታ ለ 0 ተመርቶ ሁለቱን አሸንፎ 3 ለ 2 ደርሷል፤ ስድስተኛው ጨዋታ ማያሚ ውስጥ ነው። ሦስት ሰከንድ ሲቀር ማያሚ በአንድ ነጥብ ይመራል። ኳሱን ከዳር መስመር ውጭ ቆሞ ወደ ሜዳ የሚያስገባው ዋይት ነው። ለማርከስ ስማርት ሰጠው። ስማርት ከሩቅ ወረወረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኳሱን ያስገባው ሰው ሥራው ስላለቀ ብዙውን ጊዜ ቆሞ የሚያይ ነው። ዋይት አልቆመም። ኳሱ አየር ላይ እያለ ከመስመሩ ወደ ቅርጫቱ ሮጠ። የስማርት ውርወራ ከብረቱ ተንሸራትቶ ሲወጣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ደርሶ ወደ ውስጥ መለሰው። መብራቱ በርቶ ቀይ ሆነ፤ ዳኞቹ ምስሉን ደጋግመው አዩ። ኳሱ ከእጁ የወጣው 0.1 ሰከንድ ሲቀር ነው። 104 ለ 103። ቦስተን ሰባተኛውን ጨዋታ በሜዳው ተሸንፎ ከውድድር ወጣ፤ ስለዚህ ያቺ ኳስ ዋንጫ አላመጣችም።

ዋንጫው የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በሰኔ 17 ቀን 2024 ቦስተን ዳላስን በአምስተኛው ጨዋታ ሲያሸንፍ ዋይት በግጭት ጥርሱ ተሸርፎ ጨዋታውን ቀጠለ። ከሁለት ወር በኋላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ አገኘ፤ ለቡድኑ የተጠራው ካዋይ ሌናርድ በመውጣቱ ምክንያት ነው። በኤንቢኤ ምርጥ ተከላካዮች ዝርዝር ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ በጋርድ ላይ የማይለመደውንም የተወረወረ ኳስ በእጅ ማገድን ልማዱ አድርጎታል። በዚያው ክረምት የፈረመው የአራት ዓመት ውል እስከ 126 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል።

ሦስተኛው የኦሮራ ልጅ ነው፤ የእሱን ስም ከኮሎራዶና ከካሊፎርኒያ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ኮልቢ ሮስ ኢግልክረስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ጨርሶ በ2017 ማሊቡ ውስጥ በባሕሩ ዳር ወደተሠራው ፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ዋይት በኤንቢኤ የተመረጠው በዚያው ዓመት ነው። የሮስ የመጀመሪያ ዓመት የከፋ ነበር፤ ቡድኑ 6 አሸንፎ 26 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም ተሰናበተ። ብዙ ተጫዋች እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ሮስ ቀረ። አዲሱ አሰልጣኝ ሎሬንዞ ሮማር መሪውን ለእሱ ሰጠው፤ ሮስም በፔፐርዳይን በጠቅላላው አራት ዓመት ተጫወተ።

ሲጨርስ ከ2,200 በላይ ነጥብና ከ800 በላይ አሲስት ይዞ በሁለቱም የፔፐርዳይን ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ የሚያስቆጥር ጋርድ ለሌላ የሚሰጠው ኳስ ያንሳል፤ ብዙ የሚያቀብል ደግሞ ራሱ የሚወረውርበት ጊዜ ያንሳል። ሆኖም ሮስ በመጋቢቱ ትልቅ ውድድር አንድ ጊዜም አልተሰለፈም። ፔፐርዳይን ያለበት ሊግ በዚያ ዘመን የጎንዛጋ ነበር፤ ጎንዛጋ በ2017 እና በ2021 እስከ ሀገሪቱ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነው። የሊጉን ዋንጫ ወስዶ በቀጥታ ለመግባት እሱን ማለፍ ይጠይቅ ነበር። ሮስና ጓደኞቹ በ2021 ወደ ትልቁ ውድድር ላልገቡ ቡድኖች በተዘጋጀ ሲቢአይ በሚባል ውድድር ተካፍለው ፍሎሪዳ ላይ ዋንጫ አነሱ። በዚያ ክረምት የቡድን ጓደኛው ኬስለር ኤድዋርድስ በኤንቢኤ ተመረጠ፤ ሮስ አልተመረጠም። ኤድዋርድስ ከ2 ሜትር በላይ ሲሆን ሮስ ከ1 ሜትር ከ85 አይዘልም። ኤንቢኤ አጭር ጋርድን የሚቀበለው በጣም ፈጣን ወይም በጣም ጎበዝ ወርዋሪ ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ እርጋታ ብቻውን አይበቃም። ሮስ እንጀራውን ፍለጋ ባሕር ተሻገረ።

ከ2021 ወዲህ የዝውውሩም የገንዘቡም ደንብ ተለውጧል። በዚያ ዓመት ኤንሲኤኤ ተጫዋች አንድ ጊዜ ሳይቀመጥ እንዲዛወር ፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋች ስሙንና መልኩን ለማስታወቂያ ሸጦ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። በሰኔ 2025 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው መክፈል ጀምረዋል፤ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያልቀረው የትምህርቱ ጉዳይ ነው። ልጃቸው ኳስ ይዞ ሲያመሽ ‹‹ትምህርትህስ?›› ለሚሉ የኦሮራ እናትና አባት ይህ መልካም ዜና ነው። ዲቪዥን 1 ለመጫወት ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ወስዶ በነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ሊኖረው ይገባል፤ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም ውጤቱ ከወረደ አይሰለፍም።

አዲሱ ደንብ ትንንሾቹን ትምህርት ቤቶች በሁለት በኩል ነክቷቸዋል። የተሻለ ቦታ ያላገኙ ጎበዞች ወደ እነሱ ይመጣሉ፤ እነሱ ያሳደጓቸው ደግሞ ቶሎ ይሄዳሉ። በዋይት ጊዜ መሄድ አንድ ዓመት መቀመጥን ይጠይቅ ነበር፤ እሱም በዩሲሲኤስ ሦስት ዓመት ቆየ። ዛሬ በዲቪዥን 2 በመጀመሪያ ዓመቱ ጎልቶ የወጣ ጋርድ ሚያዝያ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፤ መስከረም ላይም የሌላ ትምህርት ቤት ማሊያ ለብሶ ይገኛል። ከልቨር ያንን ቀጭን ልጅ ይዞ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የገባው ግን በ2012 ነበር፤ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የተመዘገበው 1,912 ነጥብም የዚያ ዘመን ደንብ ውጤት ነው።